ውሃ የገባበት ሰርግ

ሞጣ ውስጥ የሰርግ ቪዲዮ ሳቀናብር፣ ከጫማ ካርቶን የማትበልጠው ኮምፒውተሬ በሙቀት እየጠፋች አስቸገረችኝ። እኔም እንደ መኪና በውሃ ላቀዘቅዛት ቆረጥኩ። ፓምፕና ትንሽ ራዲያተር ከአዲስ አበባ አስመጥቼ፣ ቱቦውን በልኳ ቆራርጬ ገጠምኩ። ከጉጉቴ የተነሳ ምሳ እንኳ ረሳሁ።

ሰማያዊ ቀለም ያለው የማቀዝቀዣ ውሃ ቱቦው ውስጥ ስሞላ፣ ጋሽ አያሌው የልጃቸውን የሰርግ ቪዲዮ ሊወስዱ ከቢቸና መጥተው ከተፍ አሉ።

«ሰርጉ የታለ?»

«እዚህች ውስጥ ነው» አልኳቸው፣ ኮምፒውተሯን እያሳየሁ።

«ታዲያ ውሃ የምትሞላባት ምን በድለንህ ነው?» ብለው እጄን ለቀም አደረጉ። «ኧረ ጎረቤት! የልጄን ሰርግ አሰጠመው!»

ጎረቤቱ ግልብጥ ብሎ መጣ። ውሃው ከቱቦው እንደማይወጣ ባስረዳም የሚሰማኝ ጠፋ። ኮምፒውተሯን አበራኋት። ውሃው እየተንቆረቆረ ቱቦውን ዞረ፤ አንዲት ጠብታ አልወጣችም! በደስታ ዘለልኩ።

ወዲያው ቪዲዮውን ከፈትኩላቸው። ጋሽ አያሌው እስክስታ ሲመቱ አዳልጧቸው ከነካባቸው የሙሽሮቹ ኬክ ላይ ሲቀመጡ ታዩ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

እሳቸው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ እዚህች ጋ ብቻ ትንሽ ውሃ ጠብ ማድረግ አይቻልም?» አሉኝ።