ያልተቆጠረ ባቄላ

በእኛ አገር ሰው ሕመሙን ይነግርሃል፣ ከጎረቤቱ ጋር የተጣላበትን ይነግርሃል፤ ስንት ጆንያ እህል እንዳለው ግን ከነፍስ አባቱም ይደብቃል። የተቆጠረ እህል በረከቱ ይሄዳል ይባላል። አባቴ ውድማ ላይ ሲሰፍር ጫማውን አውልቆ፣ አፉን ለጉሞ ነበር፤ የመጀመሪያው ቁና ሲሞላም «አንድ» አይልም፣ «በረከት» ይላል። እኔም ያደግኩት እንደዚያው ነው። ዛሬም ምርቱ እንዴት ነው የሚለኝ ሰው ካለ፣ ጎታዬ ጢም ብሎ እያለ «ተመስገን፣ ለቁርስ አናጣም» ብዬ አልፋለሁ።

ይህ ልማድ ጉድ ያደረገኝ የገበሬ ማኅበራችን ጸሐፊ በሆንኩበት ዓመት ነው። የመረጡኝ አሥረኛ ክፍል ስለጨረስኩ ብቻ ነበር። ቀበሌያችን ከአርብ ገበያ ከተማ ወጣ ብላ ነው ያለችው። ባቄላችንን በጥር አህያ ላይ ጭነን ወደ ገበያ ስንወርድ፣ ከተማው ሳንደርስ መንገድ ላይ ደላላ ይጠብቀናል። አህያውን በልጓሙ ይይዝና ዋጋውን እሱ ይናገራል። የማዳበሪያ ዕዳ፣ የልጆች ልብስ፣ ሠርግ፣ ሁሉም የሚመጣው በጥር ስለሆነ እንሸጣለን። በክረምት ያው ባቄላችን በመኪና ዞሮ ተመልሶ ይመጣል፤ ያኔ ከነጋዴው በእጥፍ እንገዛዋለን። በዚህ የማይናደድ ሰው ካለ እሱን ማየት እፈልጋለሁ።

ከሁሉም የከፋባት ታላቅ እህቴ ነበረች። ባሏ ከሞተ ጀምሮ በጥር ቶሎ ትሸጣለች፣ በሐምሌ ትገዛለች፤ ለመግዣ ደግሞ መጀመሪያ በግ፣ ቀጥሎ ጊደር ሸጠች። የሚሸጥ ከብት ሲያልቅባት፣ «ዘንድሮም እንዲሁ ከሆነ መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጥቼ ንፋስ መውጫ ከተማ ሰው ቤት እቀጠራለሁ» አለችኝ። በዚያ ዕድሜዋ! ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ።

በዚያው ሰሞን ንፋስ መውጫ ለተማሪዎች ምሳ የሚያበስለው ወጥ ቤት ባቄላና አተር ከነጋዴ ሳይሆን ከገበሬው በቀጥታ ልግዛ አለ። የወጥ ቤቱ ኃላፊ ቆፍጣና ሴት ናት። ዋጋዋ ጥሩ፣ ቃሏም አጭር ነበር፦ «ስንት እንደምታቀርቡ ንገሩኝ፣ መኪና እልካለሁ። ካልነገራችሁኝ ከነጋዴው ጋር እፈራረማለሁ።» ባዶ ጆንያዎችንም አስቀድማ ላከችልን።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ተሰበሰበ። ከቀበሌ የመጣው ሰው እንደ ልማዱ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብሎ ከፈተው፤ ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። እኔ እስክሪብቶዬን አውጥቼ «እሽ፣ ማን ስንት ያቀርባል?» ስል ግን አንዱ ጫማውን ያያል፣ አንዱ ሰማዩን ያያል። ከሁላችን የበለጠ እርሻ ያላቸውን መርጌታን ለመንኳቸው፤ እሳቸው ከጀመሩ ሌላው ይከተላል ብዬ ነው።

«መርጌታ፣ እርስዎ ይጀምሩልን እስቲ።»

«ልጄ፣ የሰጠኝን እሱ ያውቀዋል። አንተ ማን ሁነህ ነው የምትሰፍረው?»

ቤት ለቤት ዞርኩ። ጎተራው በር ላይ ተቀምጦ «ምን አለኝና» የሚለኝ ሰው ብዛቱ! በመጨረሻ እህቴ ቤት ገባሁ።

«እታለም፣ አንቺ እንኳ ንገሪኝ።»

«ምን አለኝና ወንድም ዓለም? እፍኝ ናት» አለችና ጠላ ቀዳችልኝ።

በሚቀጥለው እሁድ ትዕግሥቴ አለቀ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ የእኔ አፍ ደግሞ ድሮም ልጓም የለውም። የጆንያውን እስር ተሸክሜ ወጣሁና ሰዉ መሐል ዘረገፍኩት። «ቁጥር አትንገሩኝ! እኔም አልጠይቅም! የምትሞሉትን ያህል ጆንያ አንሱና ሂዱ፤ የማትሞሉ ከሆነ ደግሞ ደላላችሁ መንገድ ላይ ይጠብቃችኋል!»

ሰዉ ሳቀ። ቀጥሎ ግን አንዱ ጎንበስ ብሎ አነሳ፣ ሌላውም አነሳ። ማንም የማንንም እጅ አያይም። መርጌታም ጋቢያቸው ሥር ወሽቀው ሲሄዱ አየኋቸው፤ ስንት እንደወሸቁ የሚያውቀው ጋቢያቸው ብቻ ነው። መሬት ላይ የቀረውን ሁሉ በሁለት እጇ ታቅፋ የሄደችው እህቴ ነበረች። ደነገጥኩ። ማሳዋን አውቃለሁ፤ የዚያን ሲሶ አይሞላም።

ለወጥ ቤቱ ኃላፊ ደውዬ «ጆንያው አልቋል፣ መኪናው ይምጣ» አልኳት።

«ጆንያ ባቄላ አይደለም» አለችኝ። «መኪናዬ ጎዶሎ ከመጣ ግን ዳግመኛ እንዳትደውልልኝ።»

የመኪናው ቀን ከጧት ጀምሮ አህያ በአህያ ላይ መጣ። ባቄላው የታጠበ ይመስል ንጹሕ ነው። አንዱ ጆንያውን ሚዛን ላይ ሲያወጣ ሌሎቹ በጨዋነት ፊታቸውን ያዞራሉ፤ እኔ ብቻ እያየሁ እጽፋለሁ። እየጻፍኩ ግን ዓይኔ እህቴ በምትመጣበት ዳገት ላይ ነበር። የሁሉም ጆንያ ገብቶ መኪናው ከኋላ ሰፊ ጎዶሎ አለው፤ ጎዶሎው የእህቴ ነው።

ሾፌሩ መንገዱን ሳይመሽ ልለፈው ብሎ ሞተሩን አስነሳ። «አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ» እያልኩ በሩን ያዝኩ። ከዛሬ በኋላ መኪናው ላይመለስ ነው፤ እህቴም ሰው ቤት ልትቀጠር ትሄዳለች ብዬ በሩን አልለቅ አልኩ። አንዱ ጎረቤቴ «ጆንያውን ለአልጋ አንጥፋው ይሆናል» ሲል ሊሳቅ ተሞከረ፤ ፊቴን ሲያዩ ተዉት።

ያኔ ነው ዳገቱን ሲወርዱ ያየናቸው። ከፊት እህቴ፣ ከኋላዋ ሴቶች፤ ባሎቻቸው የሞቱባቸው፣ የተፋቱ፣ አንዷ ደግሞ ባሏ ለሥራ ወጥቶ የቀረባት። ለስብሰባ መጥተው የማያውቁ፣ ባቄላቸውን በጣሳ በጣሳ ለደላላ የሚሸጡ ናቸው። የተዋሷቸው አህዮች ጭነቱ ከብዷቸው አንገታቸውን ደፍተዋል።

«ይኸ ሁሉ የማን ነው?» አልኳት።

«የሁላችን። ከመሐላችን አንዲት ጆንያ ለብቻዋ የምትሞላ አልነበረችም። እኔ ቤት ተሰብስበን፣ በአንድ ጣሳ፣ ፊት ለፊት ሰፍረን ቀላቀልነው።»

«ፊት ለፊት?»

«እንዴታ። የማን ስንት እንደሆነ እናውቀዋለን።» ላቧን በነጠላዋ ጠረገችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ወንድም ዓለም፣ እናንተ የምትደብቁት የሰው ዓይን በረከታችሁን እንዳይወስድ ፈርታችሁ ነው። እኛ ስንደብቅ የኖርነው ማነሱን አፍረን ነው። ሁላችንም እፍኝ እፍኝ መሆኑን ስናይ ምኑ ያሳፍራል?»

ዕንባዬ መጣ፤ ባቄላ የማወርድ መስዬ አህያው ጀርባ ተደበቅኩ። መርጌታ ግን ጋቢያቸውን ወገባቸው ላይ ሸብ አደረጉና ጆንያ ለማሸከም እሳቸው ቀደሙ። መኪናው ሞልቶ ሄደ።

የወጥ ቤቱ ክፍያ ደህና ስለነበር እህቴ ዕዳዋን ለመክፈል የሸጠችው ከአምናው ያነሰ ነው፤ የቀረው ጎታዋ ውስጥ ገባ። ሌሎቹም ሴቶች እንዲሁ አደረጉ። ሁሉም ነገር ተስተካከለ አልልም፤ ደላላው ዛሬም መንገዱ ላይ አለ፣ አንዳንዱ ሰውም ዛሬም ይሸጥለታል። ማኅበሩ ውስጥም ንትርኩ አይጠፋም፤ የእኔ ጩኸት ይብሳል ይላሉ።

ሐምሌ ላይ አንድ አርብ ዝናቡ ፋታ ሲሰጥ ገበያ ወረድኩ። እህቴ ጨው ገዝታ ስትመለስ አገኘኋትና አብረን በእህል ተራ በኩል አለፍን። በየዓመቱ የሚሸጥላት ነጋዴ ከጆንያዎቹ ኋላ ሆኖ ጠራት፦ «እመዬ፣ ባቄላ አለ! ለእርስዎ አስቀምጫለሁ!»

እህቴ ቆመች። ገበያው ጢም ብሏል፤ የሚያውቃትም የማያውቃትም ይሰማል።

«ቤቴ ሙሉ ነው ልጄ» አለችው፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «እስከ እሸት ያደርሰኛል።»

እኔ ከልማዴ የተነሳ ማን ሰማን ብዬ ግራ ቀኙን ተገላመጥኩ። እሷ ግን የገዛችውን ጨው ይዛ ከፊቴ ትሄዳለች።