የኦቦ ዲንሳ ሁለት ስልኮች

ነቀምቴንና የአካባቢዋን ትናንሽ ከተሞች ዕድሜ ልካቸውን ውሃ ሲያጠጡ የኖሩት ኦቦ ዲንሳ ገመዳ ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ ላይ ዐርፈዋል። ኩላሊታቸው ከከዳቸው ወራት አልፈው ነበር። ረቡዕ ዕለት በተወለዱባት በኡኬ፣ ከእናታቸው መቃብር አጠገብ፣ ዝናብ እየወረደብን ቀበርናቸው። ለቅሶው ላይ የተናገራችሁትን ሁሉ ሰምቻለሁ፤ አንዱም ውሸት የለበትም። ሁላችሁም እያለቀሳችሁም ፈገግ እያላችሁም ያነሳችሁት ግን ሁለቱን ስልኮቻቸውን ነው። እኚህ ሰው ለምን ሁለት ስልክ ይዘው ይዞሩ እንደነበር አንዳችሁም አላወቃችሁም። እኔ አውቃለሁ። ይህን የምጽፈው እሳቸውን ለማመስገን ብቻ አይደለም። በእሳቸው ፊት መናገር ሲገባኝ ያልተናገርኩትን ጥፋት አሁን በእናንተ ፊት ለመናገር ነው።

ለማታውቁኝ፣ ብርቱካን እባላለሁ። አባቴ ከጎጃም መጥቶ ነቀምቴ ላይ ሱቅ ከፍቶ የኖረ ሰው ነበር። እኔ የውሃ ናሙና መርማሪ ሆኜ ሥራ ስጀምር አለቃዬ ኦቦ ዲንሳ ነበሩ። ከመጀመሪያው ቀን አንስተው «ኢንተሎ» ብለው ጠሩኝ፤ ልጄ እንደማለት ነው። እስከ መጨረሻውም በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም።

ሲሠሩ ያያችኋቸው ታስታውሳላችሁ። የተቀበረ ቧንቧ ሲያፈስ ሌላው ሰው እዚህም እዚያም ይቆፍራል። እሳቸው ግን ረጅሙን የብረት ዘንግ መሬቱ ላይ ያቆሙና አናቱን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው፣ ዐይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። ባጃጅ ጥሩንባ ቢነፋባቸው ንቅንቅ አይሉም። አንድ ጊዜ እሳቸው በሌሉበት ጨለለቂ ሰፈር ውስጥ በግምት አስቆፍሬ የአንዲት አሮጊት ደጃፍ ላይ ትልቅ ጉድጓድ አስከፈትኩ። ቧንቧው በዚያ አልነበረም። ሲመጡ አልተቆጡኝም። ኮታቸውን አውልቀው ጉድጓዱን ከሠራተኞቹ ጋር ደፈኑ፣ አሮጊቷን ይቅርታ ጠየቁ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ኢንተሎ፣ ሳትጠይቂ አትቆፍሪ። ሰውም ቧንቧም ሲጠየቅ ይናገራል» አሉኝ። ያን ቃል በዚያው ቀን በልቤ ብይዘው ኖሮ ዛሬ ይህን ባልጻፍኩ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሁለታችንም ለአንድ ዓመት ሥልጠና ቤልጅየም፣ ጌንት ወደምትባል ከተማ ተላክን። እዚያ ለታ የሚባል የጊምቢ ልጅ አገኘን፤ ተማሪ ነበር። የሦስታችን ዘመድ ሦስታችን ሆንን። እሑድ እሑድ ከተማዋን በእግራችን እንዞር ነበር። ጌንት ቦይ በመሃሏ የሚያልፍባት፣ ድልድይ የበዛባት፣ እንደ ነቀምቴ ዝናብ የማይሰለቻት ከተማ ናት። ሌላው ሰው አንገቱን አቅንቶ ማማውን ሲያይ ኦቦ ዲንሳ አጎንብሰው የጉድጓድ ክዳን ይመረምራሉ። ውሃው ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ ሳያውቁ ከአንድ መንገድ ወደ ሌላው አይሻገሩም። ትራም ነጂውን ሳይቀር «አካም ቡልተኒ» ብለው ሰላም ይሉ ነበር። ሰዎቹ ግር ይላቸዋል፤ አንዳንዶቹ ግን ባይገባቸውም አጸፋውን ይመልሳሉ።

ከጌንት ሆነው አንድ ሰው ብቻ ይናፍቁ ነበር፤ እናታቸውን። «አዮ» እያሉ ነው የሚጠሯቸው፤ በወለጋ እናትን እንደምንጠራው። አዮ ኡኬ ውስጥ ነበሩ። በዚያ ሰሞን የወለጋ ስልክ አንድ ቀን ይሠራል፣ ሦስት ቀን ይጠፋል። ስለዚህ መስመር በተገኘ ቀን የሚደወል ስልክ ትልቅ ነገር ነበር።

አንድ እሑድ ጠዋት፣ ልንወጣ ስንል፣ የኦቦ ዲንሳ ታላቅ ወንድም ኦቦ ረጋሳ በእኔ ስልክ ደወሉ። ድምፃቸው ይቆራረጣል፤ እያለቀሱ ነበር። የሰማሁት ይህን ነው፤ «ከወንድሜ ጋር ሁኚ። ብቻውን ሆኖ እንዳይሰማ። እኔ መልሼ እደውላለሁ»። ከዚያ መስመሩ ጠፋ።

እኔ ምን እንደገባኝ እናንተ ታውቃላችሁ። እናንተም ብትሆኑ ያው ነበር የሚገባችሁ። በእኛ ዘንድ ሰው ሞተ አይባልም። አብራችሁት ሁኑ፣ ብቻውን አይስማ ይባላል፤ የቀረውን ሰሚው ይጨርሰዋል። ሞተች ወይ ብሎ የሚጠይቅም የለም፤ መጠየቁ ነውር ነው፣ ሟርትም ነው። ለታን ወደ ጎን ጠርቼ አዮ ዐረፉ አልኩት። ፊቱ ተለዋወጠ። እዚያው ደረጃ ላይ ቆመን መከርን። መርዶ የሚነገረው በማለዳ፣ ሰው በተሰበሰበበት ነው። እዚህ ባዕድ አገር፣ መንገድ ላይ፣ በስልክ ቢሰሙት ምን ይሆናሉ? ስለዚህ ቀኑን ሙሉ እናዙራቸው፣ ወደ ማታ ለታ ቤት ወስደን የሚያውቋቸውን ሐበሾች እንሰብስብ፣ ሲነጋ እንንገራቸው አልን። እስከዚያ ስልካቸው መጥፋት ነበረበት።

ከከተማዋ የደወል ማማ ሥር ስንደርስ ጉልበቴን አመመኝ አልኩና ቀረሁ። ደረጃው ያሞቃል ብዬ ኮታቸውን ተቀበልኳቸው። እሳቸውና ለታ ወጡ። ስልካቸው ኮቱ ኪስ ውስጥ ነበር። አወጣሁት። ባትሪው ሙሉ ነበር፤ ጠዋት ሞልተውት ነው የወጡት። አጠፋሁትና ወደ ኪሱ መለስኩት። የእኔንም አጠፋሁ። ትክክል የሠራሁ መስሎኝ ነበር፤ እንዲያውም በራሴ ብልህነት ትንሽ ኮርቼ ነበር፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ከማማው ሲወርዱ ደስ ብሏቸው ነበር። ከተማዋን በሙሉ ከላይ አይተው ውሃው እንዴት እንደሚዞራት ገብቷቸዋል። ድንች ጥብስ በወረቀት ገዝተው አበሉን። ስለ አዮ አወሩልን፤ ልጅ ሳሉ ምንጭ ወርደው እንስራ ይዘው ሲወጡ አዮ ከኋላቸው እየገፏቸው ይስቁ እንደነበር። ለታ ፊቱን ወደ ቦዩ አዞረ። እኔ ግን እየሳቅኩ አዳመጥኩ።

ከዚያ የሱፍ ልብስ የሚሸጥበት ድንኳን አገኘን። ለአዮ ሻርፕ ሊገዙ ፈለጉ፤ በክረምት አንገታቸውን ይበርዳቸዋል አሉ። ግራጫና ቡናማ ያዙና በሁለት እጃቸው ዘርግተው «ኢንተሎ፣ ለአዮ የቱ ያምርባታል?» ብለው ጠየቁኝ። ሞታለች ብዬ ላመንኳት ሴት ቀለም መረጥኩ። ቡናማው አልኩ። ከፍለው እንደጨረሱ ደውለው ሊነግሯቸው ስልካቸውን አወጡ። ጠቁሯል። «አይ፣ ሳልሞላው ወጥቼ ኖሯል» አሉ። እኔም «ይሆናል» አልኩ። የእኔም አልቋል አልኩ። ለታም ሰበብ አላጣም። እሳቸው ሻርፑን አጣጥፈው ብብታቸው ውስጥ ከተቱትና ጉዞአችንን ቀጠልን።

ሲመሻሽ ለታ ቤት ደረስን። ሁለት ሦስት ሰው ቀድሞ ተቀምጧል። ኦቦ ዲንሳ ገና ጫማቸውን ሳያወልቁ «እስቲ ስልኬን ሰኪልኝ» አሉኝ። ምን ብዬ እምቢ እላለሁ? ሰካሁት። ራሳቸው አበሩት። ወዲያው ጠራ።

ኦቦ ረጋሳ ነበሩ። ድምፃቸው ጮክ ብሎ ይወጣ ስለነበር ሁላችንም ሰማን። «ኤሳ ቱርቴ?» አሉ፤ የት ነበርክ ማለታቸው ነው። ከዚያ የቀረውን እያለቀሱ ተናገሩ። አዮ ከጠዋት ጀምሮ ነቀምቴ ሆስፒታል ሆነው ልጃቸውን ሲጠሩ ውለዋል። ጠዋት ከተቋረጠ በኋላ መስመሩ ያን ቀን ሳይጠፋ ውሏል። ኦቦ ረጋሳ ስልኩን በአዮ ጆሮ ላይ አድርገው ደጋግመው ደውለዋል። አዮ ከሰዓት በኋላ ዐርፈዋል።

በኋላ ሰዓቱን አስልተነዋል። ቡናማውን ሻርፕ ስመርጥ አዮ በሕይወት ነበሩ።

ኦቦ ረጋሳ ጠዋት ሊሉኝ የፈለጉት እናቱ ልትሰናበተው ነውና ስትደውልለት አጠገቡ ሁኚ ነበር። አንዲት ጥያቄ ብጠይቅ ኖሮ፣ አዮ አሉ ወይ ብል ኖሮ፣ መስመሩ ቢጠፋም መልሼ ደውዬ ባጣራ ኖሮ። አልጠየቅኩም። ቆፈርኩ።

ኦቦ ዲንሳ ያን ምሽት አልጮኹም። ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው ተቀምጠው «ሳልሞላው ወጥቼ። ሳልሞላው ወጥቼ» ይሉ ነበር። ሰዎቹ ሊያጽናኗቸው እግዚአብሔር ያመጣው ነው አሏቸው። እግዚአብሔር አልነበረም ያመጣው። እኔ ከፊታቸው ተቀምጬ ነበር። ለታ በዐይኑ ዝም በይ አለኝ። ዝም አልኩ፤ ኦቦ ረጋሳ በኋላ ስለ ጠዋቱ ጥሪ ሲጠይቁኝም ተቆራርጦ ምንም አልሰማሁም አልኩ።

አገር ቤት ስንመለስ እናገራለሁ ብዬ ነበር። ኡኬ ለቅሶ ስንደርስ ሽማግሌዎች ከበቧቸው። እሳቸው በሰው ሁሉ ፊት ተነሥተው እናቴ ስትጠራኝ ስልኬን ሳልሞላ ከተማ ስዞር ነበር ብለው ጥፋታቸውን ተናዘዙ። ኦቦ ረጋሳ አንገታቸውን ደፍተው ቀሩ። ሁለቱ ወንድማማቾች ከዚያ በኋላ እንደ ቀድሞው አልሆኑም፤ ብዙዎቻችሁ በመሬት የተጣሉ ይመስላችሁ ነበር። በመሬት አልነበረም። በእኔ ነው።

ሁለቱ ስልኮች የመጡት ከዚያ ነው። አንዱ ቢጠፋ ሌላው እንዲኖር። ጸሎት ቤት መሃል ስልካቸው ሲጠራ ተነሥተው ይወጡ ነበር፤ መጋቢው ሳይቀር ይቀልዱባቸው ነበር። የጨለለቂዋ አሮጊት ቧንቧዬ እየተነፈሰ ነው ብላ ብትደውል በዝናብ ይሄዳሉ። የተሳሳተ ቁጥር የደወለ ሰው እንኳ ጤናውንና ቤተሰቡን ተጠይቆ ነው የሚሰናበተው። «የሚደውል ሰው ቸግሮት ነው» ይሉ ነበር። እናንተ ይህን ደግነታቸው ትሉታላችሁ። ደግም ነበሩ። እኔ ግን ስልኩ በጠራ ቁጥር እጃቸው እንዴት እንደሚደነግጥ አይ ነበር። ያን ድንጋጤ በአንድ ዓረፍተ ነገር ላነሣላቸው እችል ነበር። እያንዳንዱ ዓመት ሲያልፍ ዓረፍተ ነገሩ ከበደኝ።

ለታ ዛሬም ጌንት ነው። የመሞታቸውን ዜና ስነግረው አውቀው ይሆናል አለኝ፤ ከመሬት ሥር ያለ ውሃ የሚሰማ ሰው የአንቺን ውሸት አይሰማም ወይ አለ። ልቤ ይህን ለመያዝ ተንጠራራ። ግን ካወቁ ሁለት ስልክ ምን አደረገላቸው? ለምን በራሳቸው ፈረዱ? አላወቁም። ራሴን አላታልልም።

ሰኞ ዕለት ልነግራቸው ወስኜ ሆስፒታል ገባሁ። ያ ቡናማ ሻርፕ አንገታቸው ላይ ነበር። ሰውነታቸው አልቋል፤ ድምፃቸው ግን ያው ነው። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ፣ ቃሉን በአፌ አዘጋጀሁ። ቀና ብለው አዩኝና «ኢንተሎ፣ ያቺን ስልክ ሰኪልኝ። ሰው ይደውል ይሆናል» አሉኝ። ተነሥቼ ሰካሁ። ነገ እመጣለሁ ብዬ ወጣሁ። በማግስቱ ረፋድ ላይ ደወልኩላቸው። ጠራ። ያነሣችው ልጃቸው ናት፤ እያለቀሰች ነበር። በዚህኛው ጊዜ ግን ጠየቅኩ፤ አሉ ወይ አልኩ።

ኦቦ ዲንሳ፣ እንግዲህ ደኅና ይሁኑ ልልዎ አፌ አልታዘዝልኝም፤ መጀመሪያ ይህን ይስሙኝ። ለዘመድዎ፣ ለጎረቤትዎ፣ ለኦቦ ረጋሳም ጭምር ጽፌዋለሁ፤ ይጥሉኝ እንደሆነ ይጣሉኝ። ይቅር ይበሉኝ አልልዎትም፤ ይቅር የሚል አፍዎን አፈር እስኪጫነው የጠበቅኩ እኔ ነኝ። ወለጋ ላይ ውሃ ያጠጡት ሰው ሁሉ ለነፍስዎ ዕረፍት ይለምንልዎ፤ የእኔ ጸሎት ቢደርስ እኔም እለምናለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎ። አዮን ሲያገኟቸው፣ የት ነበርክ ልጄ ብለው ሲጠይቁዎ፣ ስልኬን ሳልሞላ ወጥቼ ነው አይበሏቸው። ሞልተው ነው የወጡት።