ወላጅ አምጪ

ዓርብ ከሰዓት በኋላ በካምፓላው ካባላጋላ ሰፈር ሳልፍ፣ ቻፓቲ በሚሉት ቂጣ ላይ የሚጠበስ የእንቁላልና የሽንኩርት ሽታ አፍንጫዬን ሲመታኝ፣ ትምህርት ቤታችን በር ላይ ቆሜ እናቴን የምጠብቅ ይመስለኛል። ያን ቂጣ ከነእንቁላሉ ጠቅልሎ «ሮሌክስ» እያለ የሚሸጠው ሰውዬ እዚያው በሩ ሥር ነበር የሚጠብሰው፤ የዓርብ ደስታዬ ሁሉ በዚያ ሽታ ታጥኖ ቀርቷል። የመጀመሪያዋ ዓርብ ግን፣ ኧረ እሷስ መከራ ነበረች!

እናቴ ካባላጋላ ውስጥ ሹሩባ ትሠራ ነበር። ኪሱጉ ሰፈር፣ ቤታችን አጠገብ ያለው ትምህርት ቤት እኔን እንዲቀበለኝ ስንት ጊዜ ደጅ ጠንታ፣ ስንቱን ለምና ነው ያስገባችኝ። ጠዋት ጠዋት ጫማዬን እያሰረችልኝ «ከዚህ ካባረሩሽ የስደተኛን ልጅ ማን ያስገባል? አደራሽን» ትለኝ ነበር።

ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ፣ የመጋቢት ዝናብ እንደጀመረ፣ አስተማሪያችን ቲቸር ናካቶ ዓርብ ወላጆቻችንን ይዘን እንድንመጣ ነገረችን። እኔም ቤት ገብቼ «ወላጅ አምጪ ተብያለሁ» አልኩ።

እናቴ ክው አለች። «ምን አጠፋሽ?»

«ምንም።»

«ዝም በይ! በደህና ቀን ወላጅ የሚጠራ ትምህርት ቤት የት አለ?»

«ሁላችንም ተብለናል እኮ።»

«እንግዲያው ሁላችሁም ናችኋ ያጠፋችሁት!»

እሷ ባደገችበት አገር ወላጅ የሚጠራው ልጅ ሲደባደብ ወይ መስኮት ሲሰብር ነው፤ ካምፓላ ተወልጄ ያደግሁት እኔ ይህን ከየት ልወቀው? የሠራሁትን ኃጢአት ፍለጋ አልጋዬ ላይ ስገላበጥ ሰነበትኩ። እናቴ ደግሞ ጎረቤታችንን ጋሽ አበራን ሽማግሌ አድርጋ ለመነች። ጋሽ አበራ አዲስ አበባ ሳሉ አስተማሪ ነበሩ፣ ኋላ ኦልድ ካምፓላ የሚባለው ሰፈር የጅምላ ሱቅ ውስጥ ይሠሩ ነበር፤ «ጥፋቷን ሳንሰማ ቀድመን ይቅርታ እንጠይቅ፣ ያበርዳል» ብለው መከሯት።

ዓርብ እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ጋሽ አበራ በዚያ ወበቅ ኮት ለብሰው፣ እኔ መሐላቸው ሆኜ ገባን። ጋሽ አበራ ከወገባቸው ጎንበስ ብለው በእንግሊዝኛ «ልጅ ናት፣ ለዛሬ ይማሯት፣ ሁለተኛ አይለምዳትም» አሉ።

ቲቸር ናካቶ ግራ ገብቷት «ምን አደረገች?» ብላ እሷው ጠየቀችን።

ነገሩ ሲገባት አልሳቀችም። እናቴን በእጇ ይዛ የልጅ ወንበር ላይ አስቀመጠቻትና፣ ዓርብ ዓርብ ልጆች የሳምንቱን ትምህርት ለወላጆቻቸው እንደሚያስተምሩ ለጋሽ አበራ አስረዳች። ወደ እኔም ዞራ «በእናትሽ ቋንቋ አስተምሪያት» አለችኝ።

ብርጭቆ ውስጥ ያበቀልኳትን ባቄላ አመጣሁ። ሥሯ የቱ እንደሆነ፣ ውኃ በየት እንደምትጠጣ በአማርኛ ሳስረዳት እናቴ ባቄላዋን ሳይሆን አፌን ታይ ነበር። ከዚያ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ፤ «እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ! አላባረሩሽም!» ብላ እቅፍ ስታደርገኝ እኔም የሳምንቱን ፍርሃት በለቅሶ አወጣሁት። ጋሽ አበራ ኮታቸውን አውልቀው «ስንቱን ወላጅ ጠርቼ አስለቅሻለሁ፤ ለደግ ነገር ግን አንድም ቀን አልጠራሁም» አሉ።

የካምፓላ ዝናብ አባርቶ የሰኔ ፀሐይ ሲወጣም እናቴ አንድም ዓርብ አልቀረችም፤ ማበጠሪያዋን ፀጉሯ ውስጥ እንደሰካች ቦዳ በሚሉት የኪራይ ሞተር ብስክሌት እየበረረች ትመጣና፣ ያቺ ትንሽ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ «በይ አስተምሪኝ» ትለኝ ነበር። መደመርንም ሆነ የዝናብን አፈጣጠር ከእኔ ተምራለች፤ ስንወጣ ሮሌክስ ለሁለት እንካፈል ነበር።

ዛሬ የልጄ ትምህርት ቤት የሳምንቱን ትምህርት ዓርብ ዓርብ በስልኬ ይልክልኛል፤ ፎቶውም ጽሑፉም ይደርሰኛል፣ የሥራ ቦታዬን ሳልለቅ ሁሉን አውቃለሁ፣ ይመስገነው። እናቴ ግን የትምህርት ቤቱ ስም ስልኬ ላይ በመጣ ቁጥር ዛሬም አንገቷን ቀና አድርጋ «በደህና ነው?» ትለኛለች።

«በደህና ነው እማዬ» እላታለሁ። ያን ጊዜ የልጅ ልጇን ወደ አጠገቧ ስባ «በል ና፣ አስተምረኝ» ትለዋለች።