ከፎቶው ጥግ የገባው እጅ

ፎቶዎቹ ሰባት ናቸው። ፊደል አልቆጠርኩም፣ በጀርባቸው የተጻፈውንም አላውቅ። ማን የት ጋ እንደቆመ ግን ዓይኔን ሸፍናችሁ ብትጠይቁኝም እነግራችኋለሁ። ይሄን የምትጽፍልኝ የልጄ ልጅ ናት። «ቀስ ይበሉ እማማ፣ እጄ ዛለ» ትለኛለች። ብዕር ያዛላት የድንጋይ ወፍጮ ብሰጣት ምን ልትሆን ነው?

ባለቤቴ በሕይወት ሳለ፣ መንገዱም ሰላም ሳለ፣ የደብራችን ማኅበር አውቶቡስ ተከራይቶ ከሰቆጣ ተነሳን። ላሊበላን፣ ጣናን፣ ጎንደርን ተሳልመን ተመለስን። እኔ ከዚያ በፊት ርቄ ሄድኩ ካልኩ ጎረቤት ወረዳ ደሃና ለሰርግ ነው፣ ያውም በእግሬ። መስኮት ጋ አስቀመጡኝ። ዛፉ ሁሉ ወደኋላ ሲሮጥ አይቼ «እነዚህን ደግሞ ማን አባረራቸው?» ብል ሴቶቹ በሳቅ ሞቱ።

ባለቤቴ ከፊት ነበር፣ ከወንዶቹ ጋር። እኔ ከኋላ፣ ከሴቶቹ ጋር። ለመሳለም ሲኬድ ባልና ሚስት መኝታም ለይቶ፣ ወንበርም ለይቶ ነው። እሱ ደግሞ ወግ ካለ አንድ ጣት አያልፍም። ፎቶ ስንነሳም ወንዶቹ ወዲያ፣ ሴቶቹ ወዲህ። ላሊበላ ላይ እሱ በአንዱ ጫፍ፣ እኔ በሌላው ጫፍ ነን። በመሃላችን ማኅበርተኛው ሁሉ ከነጃንጥላው ተደርድሯል። ጎንደር ላይ ግንቡ ስር ፀሐይ ዓይናችንን ወግታን ሁላችንም ጨፍነናል፤ አብረን ያንቀላፋን እንመስላለን።

የጣናው ሴቶች ብቻ ነን፣ ጀልባ ላይ። ገዳሙ ሴት አይገባበትም ተብሎ እዚያው ተቀምጠን ወንዶቹን ጠበቅናቸው። ባለቤቴ ሲመለስ፦

«ምን አየህ?» አልኩት።

«ሴት የሌለበት ጸጥታ» አለኝ።

በመጽሐፍ አንደበት የሚናገር ሰው ይመስል ፊቱን ኮስተር አድርጎ። እኔም ይኸው አሁን ወንድ የሌለበት ጸጥታ ገዳም ሳልሄድ ቤቴ ድረስ መጥቶልኛል። ካረፈ ሦስተኛ ዓመቱ ነው። ልጆቹ ሁሉም በየፊናቸው ናቸው። ቀልድ ይመጣብኛል፣ እናገረዋለሁ፣ ከዚያ ግድግዳውን አያለሁ። ግድግዳ ስቆ አያውቅም።

ከሰባቱ አንዱ ብቻ ነው እኔና እሱ አጠገብ ላጠገብ ያለንበት። ዳገት ላይ ጎማ ተነፈሰና ወርደን ሴቶቹ ድንጋይ ጥላ ስር ተቀመጥን። እኔ ስለ ሹፌሩ አንዳች ነገር እያወራሁ ነበር። እሱ ከኋላዬ መጥቶ፣ ሳይቀመጥ፣ ቆሎ በእጁ ሙሉ አቀበለኝ።

«ያዢ። አፍሽ ከሚያማ ይቆርጥም።»

አፌን ከፍቼ ስስቅ ካሜራ የያዘው ማኅበርተኛ አነሳኝ። እኔ ሙሉ ወጣሁ፤ እሱ እጁ ብቻ ከጥግ ገባ። አውራ ጣቱን ድሮ መጥረቢያ መትቶት ጥፍሩ ለሁለት የተከፈለ ነበር፤ እሱም ይታያል።

አሁን በቅርቡ ይቺ የምትጽፍልኝ ልጅ ያንን ፎቶ ሳትነግረኝ ፎቶ ቤት ወስዳ በትልቁ አሠራችልኝ። በመስታወት አድርጋ አመጣችው።

«እንዴት ነው እማማ?»

«ቆንጆ ነኝ። የሰውዬው እጅስ?»

«የማን እጅ?»

«የአያትሽ ነዋ።»

ደነገጠች። ፎቶ ቤቱ የመንገደኛ እጅ መስሎት አጥፍቶታል። እኔ ብቻዬን፣ አየር ላይ አፌን ከፍቼ ስስቅ እብድ እመስላለሁ። ዋናው የት አለ ብላት እዚያው ረስታዋለች። ሌላ የለኝማ።

በማግስቱ በጠዋት ምርኩዜን ይዤ ሄድኩ። ባለ ፎቶ ቤቱ ገበያው ዳር ነው፤ አባቱን ጨርቅ ሲነግዱ አውቃቸዋለሁ፤ እሱም ዛሬ ጢሙ ሸብቷል።

«ወላሂ እማማ፣ የማያውቁት ሰው እጅ መስሎኝ ነው ያጸዳሁልዎ።»

«አርባ ዓመት ቆፍሮ ያበላኝ እጅ ነው። እንደው በመጠኑ አውቀዋለሁ።»

መሳቢያ ከፈተ፣ ዘጋ። ሌላ ከፈተ። ሰው የረሳው ፎቶ ጉድ ነው፤ የማላውቀው ፊት ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። እኔ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ዝም አልኩ። እኔን ዝም ስል ያየኝ ሰው ትንሽ ነው። በመጨረሻ ከአንዲት ሙሽራ ፎቶዎች መሃል መዝዞ አወጣው።

«አየኸው?» አልኩት። «ሞቶም ሙሽራ ጋ ተወሸቀ።»

ሳቀ። ከዚያ ፎቶውን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ እጁን፣ ጥፍሩን አየ።

«የአባባን የመታወቂያ ፎቶ ያምጡልኝ» አለኝ፣ «ከጎንዎ አስቀምጬ እሠራልዎታለሁ። እውነተኛ ነው የሚመስለው።»

አልዋሽም፣ አማረኝ። ትከሻው ትከሻዬን ነክቶ፣ አንድ ቀን እንኳ። ግን ያንን መንገድ ሁሉ ከሴት ጎን አልቀመጥም ያለ ሰው ነው። አፉ በተዘጋ ጊዜ ወጉን ባፈርስበት፣ ወዲያኛው ዓለም ሳገኘው ምን እለዋለሁ?

«ተወው ልጄ» አልኩት። «እጁ ይበቃኛል።»

ትልቁን ፎቶ ልጅቷ ቤቷ ሰቅላዋለች፤ የመጣ እንግዳ ምን እንደሚያስቀኝ ይጨነቅ። ትንሹን እኔ ምሳዬን ስበላ ከሰሃኔ ፊት አቆመዋለሁ። ቆሎውን እንደያዘ ነው፣ አልታከተውም። ቆይ፣ ጥርስ የለኝም እለዋለሁ።