ጋሽ እንድሪስና የመንዙማው ጭብጨባ

ጋሽ እንድሪስ ባለፈው ሐሙስ እዚህ ሆላንድ፣ ስኪዳም ከተማ በሚገኘው ቤታቸው ወደ አኼራ ሄደዋል። ጀናዛቸውም በማግስቱ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ተሸኝቷል። በሥራ ምክንያት ያልደረሳችሁ፣ በተለይም የዴን ሃግና የዛንዳም ሰዎች፣ ዱዓ እንድታደርጉላቸው እለምናለሁ። እኔ ዲሽ መትከል ያስተማሩኝ ተማሪያቸው ነኝ። የምጽፈው ግን ለማመስገን ብቻ አይደለም።

ደሴ ሳሉ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበሩ። እዚህ ደግሞ ስኬቨኒንገን ሆቴል ውስጥ አንሶላ ሲቀይሩ ኖረው ጡረታ ወጡ። ቅዳሜና እሑድ መሰላል ተሸክመው ዲሽ ሊተክሉ ከቤት ቤት ይዞሩ ነበር። ስንቶቻችን ነን የአገራችንን ድምፅ በእሳቸው እጅ ያገኘን? ሲግናሉ ሞልቷል ብለን ስንቸኩል፣ «መድረሱንማ ደርሷል፤ የደረሰውን እንስማ» ይሉናል። ከዚያ ሳተላይት ሬዲዮ ላይ መንዙማ ከፍተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ድቤውንና ጭብጨባውን ለይተው ያዳምጣሉ። እኔ ትራሙ ሊያመልጠን ነው ብዬ ስቁነጠነጥ ዞር ብለውም አያዩኝም።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ያ ድምፅ አላምርላቸው አለ። ዲሹን አዞሩ፣ ገመድ ቀየሩ፣ ሪሲቨር ቀየሩ። ሲግናሉ ሙሉ ነው። «ጭብጨባው እጅ መሆኑ ቀርቶ ዝናብ ሆኗል» አሉኝ። ምክንያቱንም ሲያስረዱኝ፣ «ለአራት ሰው በቀረበ ትሪ ሃያ ሰው አስቀመጡበት። ሳተላይቱ ላይ ጣቢያው በበዛ ቁጥር የእያንዳንዱ የድምፅ ድርሻ ያንሳል» አሉ። አላመንኳቸውም። ዕድሜ ነው ብዬ ከልጃቸው ከዘይነባ ጋር መከርኩ። እዚሁ ያደገችው ዘይነባ፣ «አባዬ፣ ሃውስአርትሱ ጋ አፍስፕራክ ይዤልሃለሁ» አለቻቸው፤ የቤተሰብ ሐኪሙ ጋ ቀጠሮ ማለቷ ነው። በቀጠሮው ቀን ሳያንገራግሩ ሄዱ፤ መስሚያ መሣሪያም ተገጠመላቸው። በሳምንቱ እንዴት ነው ብላቸው፣ «ደህና ነው፤ አሁን የተበላሸውን ጎላ አድርጌ እሰማዋለሁ» አሉኝ።

እዚህ ላይ ጥፋቴን ልናገር። ሮተርዳም በአንድ የኒካህ ድግስ ላይ፣ አንድ ሰው ዲሹን እንዲያስተካክሉለት ጋሽ እንድሪስን ሊጠራ መሆኑን ነገረኝ። «እሳቸው ጆሯቸው ደክሟል፤ እኔን ጥራኝ» አልኩት። በዙሪያችን የነበረው ሁሉ ሰማ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነውና፣ ከዚያ ወዲያ ስልካቸው ጸጥ አለ። መሰላሉም በረንዳ ላይ ቀረ።

አምና ለኢድ ልጠይቃቸው ስሄድ አንድ የድሮ ካሴት አጫወቱልኝ። ከዓመታት በፊት ከዚያው ጣቢያ የቀዱት መንዙማ ነው። ቀጥለው ያንኑ መንዙማ ጣቢያው በቅርቡ ሲያሰማው የቀዱትን ከፈቱ። በመጀመሪያው መዳፍ ከመዳፍ ሲገናኝ ይሰማል። በሁለተኛው እንደ ዝናብ ያለ ሹሹታ ብቻ ነው። አፈርኩ፤ ይቅርታም ጠየቅኳቸው።

እጄን ይዘው፣ «ይቅር ብያለሁ። ግን ያንን በሰው ፊት ነው የተናገርከው፤ ይህንንም በሰው ፊት ተናገር» አሉኝ።

እሺ አልኩ። በሚቀጥለው ድግስ፣ በሚቀጥለው ረመዳን እያልኩ ሳላደርገው ቀረሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ሰው እኔን መጥራት ለምዶ ነበር፤ ያ እንዳይቀርብኝ ፈራሁ።

ጋሽ እንድሪስ፣ ዘግይቻለሁ። ይኸው በሚያውቁዎት ሁሉ ፊት እናገራለሁ፦ የተበላሸው ሬዲዮው እንጂ ጆሮዎ አልነበረም። ዘይነባ መሰላልዎን ውሰድ ብላኛለች፤ ይህ ቃሌ በዚያ ድግስ ላይ ለነበሩት ሁሉ ሳይደርስ ግን አልነካውም። አላህ ጀነትን ይወፍቅዎት።