ያሸኋት የነሐስ ልጅ

አቮንዴል እስቴትስ በሚባል ሰፈር አንዲት አሮጊት ፈረንጅ ቤት ስድስት ዓመት ሠራሁ። የግቢውን ሣር አጭዳለሁ፣ ቤት አጸዳለሁ፣ ሐኪም ዘንድ አደርሳቸዋለሁ። ባላቸው ሞተዋል። ዓይናቸው ደክሟል፤ አእምሯቸው ግን ከኔ ይሻላል።

ሳሎናቸው ውስጥ፣ መስኮቱ አጠገብ፣ ክንድ የምታህል የነሐስ ሐውልት ነበረች። የጥንት ግሪኮች ተረት ነው አሉኝ፤ ከሚያሳድዳት ጣዖት ስትሸሽ ዛፍ የሆነች ልጅ። ጣቶቿ ቅጠል አውጥተዋል። ገላዋ ጠቁሮ፣ በልብሷ እጥፋት ውስጥ አረንጓዴ ነገር ይዟል።

እኔ ደግሞ በቤተ ክርስቲያናችን ለበዓል የነሐሱን ጽናጽል የማጸዳ ሰው ነኝ። የጠቆረ ነሐስ ሳይ እጄ አያርፍም። እሳቸው ለጉልበታቸው ሆስፒታል ሲተኙ፣ ሲመለሱ ደስ ይበላቸው ብዬ ጓሮ ካለው የሥጋ መጥበሻ ግሪል አመድ ዘገንኩ፣ ሎሚ ጨመቅኩና ከጠዋት እስከ ቀትር አሸኋት። እያንጎራጎርኩ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። እንደ አዲስ ሳንቲም አበራች።

ስኔልቪል የምትኖረው ልጃቸው ከሆስፒታል ይዛቸው መጣችና ሳሎኑ በር ላይ ደርቃ ቀረች። ያ ጥቁረት ለካ ቆሻሻ አልነበረም። ሠሪው በእሳትና በመድኃኒት ያበጀው፣ ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ቀለም ነው። ማን እንዳደረገው ጠየቀች። አፌን ሳልከፍት እናትየው ቀደሙኝ።

"እኔ ነኝ እሻት ያልኩት፤ እሱ የታዘዘውን ነው የሠራው" አሉ።

ከሥራዬ እንዳልባረር ብለው ነው። እኔም ሻንጣቸውን ይዤ ወደ መኝታ ቤት ገባሁ።

ልጅቷ ግን ሌላ ነገር ጠረጠረች። አባቷ ሐውልቷን በዓመት አንዴ ሰም ከመቀባት በቀር ማንም እንዳይነካት ይከለክሉ ነበር። እናቷ ይህን እንዴት ይረሳሉ? በሳምንቱ መኪናዋን ፓርክ አድርጋ ለብቻዬ ያዘችኝ። እማዬ መርሳት ጀምራለች፣ እርስዎም ሳያዩ አይቀሩም አለችኝ።

"እኔ እንጃ" አልኳት።

እውነቱን ብነግራት ያበቃ ነበር። ብቻቸውን መኖር አይችሉም ተባለና በፋሲካ ሰሞን ቤቱ ተሸጠ፤ እሳቸው የአረጋውያን መኖሪያ ገቡ። ዕቃቸውን የጫንኩት እኔው ነኝ።

ቅዳሜ ቅዳሜ እጠይቃቸዋለሁ። ባለፈው፣ እውነቱን ለልጅዎ ልንገራት ብዬ ለመንኳቸው።

"ቤቱ አይመለስ፤ እሷ ደግሞ እንዳንተ ስትጸጸት ትኑር?" አሉኝ።

ብርቱካን ልጬ ሰጠኋቸው። እየበሉ የባለቤቴን የዓይን ሐኪም ቀጠሮ ከነሰዓቱ አስታወሱኝ። እኔ ረስቼው ነበር።