መሃሉ የተበሳው ፍሬ

አዳማ ውስጥ የምሠራው ሥራ አፈር መልቀም ነው። ከጥንት መንደር ቁፋሮ የመጣውን አፈር ውሃ ውስጥ በጥብጠን፣ የተንሳፈፈውን በጨርቅ አጥልለን፣ ሲደርቅ በአጉሊ መነጽር እናየዋለን። ዛሬ ባልደረባዬ ሰላም ከክብሪት ራስ የማይበልጥ፣ መሃሉ የተበሳ ጥቁር ነገር በወረንጦ አንስታ አሳየችኝ።

«ዶቃ ነው አይደል?» አለች። ፊቷ በርቷል።

ቀዳዳውን ሳይ አያቴ ትዝ አሉኝ። ልጅ ሳለሁ፣ ከመልካሳ አለፍ ብሎ ባለው መንደራችን፣ ለክረምት ያስቀመጡትን የማሽላ ጉድጓድ ከፈቱ። እንደ ረጠበ ጆንያ ያለ ሽታ ወጣ። አያቴ እፍኝ ዘግነው ወደ ብርሃን አስጠጉት። ነቀዝ ፍሬውን ሁሉ እየበሳ ውስጡን ጨርሶታል። በእኛ አገር እንዲህ የነቀዘ እህል ወደ ጎረቤት ጉድጓድ እንዳይዛመት ይቃጠላል። ደጅ ላይ ከምረው እሳት ለቀቁበት።

«ዝም ብላችሁ አድምጡ» አሉን። «ውስጡ ዱቄት የቀረው ፍሬ ካለ እንደ ፈንዲሻ ይፈነዳል።»

እናቴ ታናሽ ወንድሜ እንዳያለቅስ ደረቷ ላይ ለጥፋ ያዘችው። እሳቱ እስኪከስም ቆመን አደመጥን። አንድም አልፈነዳም። አያቴ መዳፋቸውን በጋቢያቸው ጠርገው ገቡ።

«ንገሪኝ እንጂ» አለች ሰላም። «ዶቃ ነው?»

ነቀዝ የበሳውን፣ እሳት ያከሰለውን የማሽላ ፍሬ ተቀብዬ መዳፌ ላይ አንከባለልኩት። ያቃጠሉት የጥንቱ መንደር ሰዎችም ያኔ ልጆቻቸውን ዝም አሰኝተው አድምጠው ይሆናል።

ይሄኛውም አልፈነዳም።